ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ፦ ቶማስ ሆብስ በድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጋት ላይ ከአዲስ አበባ የተነሣ ባቡር ንጉሠ ነገሥቱን፣ ቤተ ሰባቸውንና መኳንንቱን አሳፍሮ ወደ ምሥራቅ ገሠገሠ። ወደ ጅቡቲ የሚወስደው ሐዲድ አንድ ብቻ ነበርና ባቡሩ የግድ በድሬዳዋ ማለፍ ነበረበት። ሚያዝያ 26 ቀን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ «ኢንተርፕራይዝ» በተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ከጅቡቲ ወጡ። ግንቦት 1 ቀን ደግሞ ከአዲስ አበባ በሐዲዱ የወረደውና ከኦጋዴን ተነሥቶ በሐረር በኩል የዘለቀው የኢጣልያ ጦር እዚያው ድሬዳዋ ላይ ተገናኘ። በዚያው ዕለት ሙሶሊኒ ሮም ላይ ሆኖ የኢጣልያን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ብሎ አወጀ።

አንድ ሳምንት ብቻ ነው። ድሬዳዋ በዚያ አንድ ሳምንት ውስጥ የቀድሞውን ሉዓላዊ ሸኝታ፣ ራሱን ሉዓላዊ ያለውን ሌላ ኃይል ተቀበለች። በቀዚራ ጎዳና የሚሄደው የባቡር ሠራተኛም ሆነ በመጋላ ገበያ የተቀመጠችው ነጋዴ በዚያ ሳምንት የገጠማቸው ጥያቄ የፍልስፍና ተማሪ የሚፈተንበት ጥያቄ ነው፤ ዛሬ መታዘዝ ያለብን ለማን ነው? ጠባቂው ከሄደ፣ ለጠባቂው የገባነው የታማኝነት ቃል አብሮት ይሄዳልን?

ይህንን ጥያቄ ከሁሉ በፊት በድፍረት ጠይቆ፣ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደነግጥ መልስ የሰጠው እንግሊዛዊው የፖለቲካ ፈላስፋ ቶማስ ሆብስ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሆብስን አሳብ ከእኛው ታሪክ ጋር፣ በተለይም ከድሬዳዋ ታሪክ ጋር ለማገናዘብ እሞክራለሁ። ፍጹም ሥልጣን በአገራችን ብዙ የተወደሰና ብዙ የተወገዘ ጉዳይ ነው። ነገር ግን ምን ላይ እንደሚቆምና መቼ እንደሚወድቅ በእርጋታ የመረመርንበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ፍርሃት የወለደው ፍልስፍና

ቶማስ ሆብስ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1588 ማምዝበሪ በተባለች አነስተኛ የእንግሊዝ ከተማ አጠገብ ነው። በዚያ ዓመት የእስጳንያ ታላቅ የጦር መርከቦች ጓድ እንግሊዝን ሊወር ነው የሚል ወሬ አገሩን አስጨንቆት ነበር። እናቱ በዚሁ ድንጋጤ ያለ ቀኑ እንደ ወለደችው ሆብስ ራሱ በስተርጅናው ተናግሯል፤ እሱና ፍርሃት መንታ ሆነው መወለዳቸውን እንደ ቀልድም እንደ ቁም ነገርም ይገልጸው ነበር።

ፍርሃቱ መሠረት የሌለው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1640 በንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስና በፓርላማው መካከል የነበረው ጠብ ሲከር ሆብስ ወደ ፓሪስ ሸሸ፤ 11 ዓመት ያህልም በስደት ቆየ። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ሰው በእርስ በርስ ጦርነት ተላለቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1649 ንጉሡ በአደባባይ አንገታቸው ተቀላ። ሆብስ «ሌዋታን» የተባለውን ዝነኛ መጽሐፉን ያሳተመው ከዚህ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1651 ነው። ስሙን የወሰደው በመጽሐፈ ኢዮብ ከተነገረለት፣ በምድር ላይ አቻ ከሌለው አስፈሪ ፍጡር ነው።

የመጽሐፉ አሳብ ባጭሩ ይህ ነው። ሰዎች ሁሉንም የሚያስፈራ አንድ የጋራ ኃይል ከሌላቸው እርስ በርሳቸው ይፈራራሉ፤ ስለሚፈራሩም ቀድሞ ለመምታት ይሽቀዳደማሉ። እንዲህ ባለው ሁኔታ ማረስም መነገድም መማርም ከንቱ ነው፤ የዘራ ማጨዱን አያውቅምና። ስለዚህ ሰዎች እርስ በርሳቸው ቃል ኪዳን ገብተው መብታቸውን ለአንድ ሰው ወይም ለአንድ ጉባኤ ያስረክባሉ። ያ ሉዓላዊ ሕግ ያወጣል፣ ይፈርዳል፣ ጦር ያዘምታል፣ ሹም ይሾማል ይሽራል፣ የሃይማኖት ትምህርትን ሳይቀር ይቆጣጠራል። ሥልጣኑ አይከፈልም፤ ከተከፈለ ወደ ጦርነት ይመልሳልና። ቃል ኪዳኑን የተጋቡት ዜጎች እርስ በርሳቸው እንጂ ከእሱ ጋር ስላልሆነ፣ ሉዓላዊው ቃሉን አፈረሰ ተብሎ ሊከሰስ አይችልም። የእኛ አባቶች «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ያሉትን ሆብስ በመጽሐፍ ያብራራው ይመስላል።

ነገር ግን የሆብስ ትምህርት አንድ የተደበቀ በር አለው። ሰው መብቱን ያስረከበው ሕይወቱን ለማትረፍ ነው። እንግዲያው የተገዢው ግዴታ የሚዘልቀው ሉዓላዊው ሊጠብቀው እስከ ቻለ ድረስ ብቻ ነው። ጥበቃው ሲቋረጥ ግዴታውም ይቋረጣል፤ ሰውየውም ሌላ ጠባቂ የመፈለግ ነጻነቱን መልሶ ያገኛል። ሆብስ ይህንን በቃል ብቻ አላስተማረም። መጽሐፉ በታተመ ማግሥት ወደ እንግሊዝ ተመልሶ ንጉሡን ለገደለው መንግሥት በሰላም ገባለት። በፓሪስ ሳለ ሒሳብ ያስተማረው የሟቹ ንጉሥ ልጅ ገና በስደት ላይ ነበር። የንጉሥ ወገኖች ከዚያ ወዲያ ሆብስን እንደ ከዳተኛ ቢያዩት አይፈረድባቸውም፤ ፍጹም ሥልጣንን የሰበከላቸው ሰው ንጉሥን ከተሸነፈ በኋላ የመክዳትን መብትም በዚያው ብዕር ጽፎ ነበር።

ደምና ቅባት

አሁን ወደ እኛ እንመለስ። በኢትዮጵያ የንጉሥ ሥልጣን የቆመው በዜጎች ቃል ኪዳን ላይ አልነበረም። ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ተወረደ በሚባለው ደም፣ በጳጳስ እጅ በሚፈጸመው ቅባትና በፍትሐ ነገሥት ላይ ነበር። የፍትሐ ነገሥት 44ኛው አንቀጽ ስለ ነገሥታት የሚናገር ነው፤ ለንጉሥ መታዘዝን ያዛል፣ ንጉሡ ግን ከቀናው ሃይማኖት ቢወጣ ንጉሥነቱ እንደሚቀር ይደነግጋል። ይህች አንዲት ሐረግ ዙፋን የገለበጠች ናት። የሆብስ ዘመነኛ የነበሩት አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት የመንግሥት ሃይማኖት ሲያደርጉ አገሩ በጦርነት ታመሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1632 ሃይማኖቱን ለሕዝቡ መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ልጅ ኢያሱም መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሐረር ሳሉ፣ አዲስ አበባ ላይ እስላምነትን ተቀብለዋል በሚል ክስ ተሻሩ፤ አቡነ ማቴዎስም ሕዝቡን ከገባላቸው መሐላ ፈቱት። ሆብስ መጽሐፉን ግማሽ ያህል የሰጠው ይህ እንዳይሆን ለመከላከል ነበር፤ መሐላን ማሰርና መፍታት የሚችል ሌላ እጅ ባለበት አገር ሉዓላዊ የለም ይል ነበርና።

ይህንን ክፍተት ለመዝጋት የሞከረው ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀው ሕገ መንግሥት ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት በሩስያ የተማሩት፣ የጨርጨር ገዢም የነበሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው፤ ምሳሌ ያደረጉትም እ.ኤ.አ. የ1889ኙን የጃፓን ሕገ መንግሥት ነበር። ባለ 55 አንቀጹ ሕግ የንጉሠ ነገሥቱን አካል የተቀደሰ፣ ክብራቸውን የማይደፈር፣ ሥልጣናቸውንም የማይገሰስ አድርጎ ደነገገ። ሁለት ምክር ቤቶች ቆሙ፤ አባሎቻቸው ግን በሕዝብ የተመረጡ አልነበሩም። ሕገ መንግሥቱ ራሱ ንጉሠ ነገሥቱ በፈቃዳቸው ለሕዝባቸው የሰጡት ስጦታ ተብሎ ቀረበ። ስጦታና ቃል ኪዳን የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል። በቃል ኪዳን የተገኘ ሥልጣን ቢያንስ የተቋቋመበት ዓላማ አለው፤ ያ ዓላማ ሲፈርስ ይጠየቅበታል። በደምና በቅባት የተገኘ ሥልጣን ግን መጠበቅ ቢችልም ባይችልም ያው ሥልጣን ነው። በዚህ ረገድ የእኛ ሕገ መንግሥት ከሆብስም አልፎ የሄደ ነበር።

ሉዓላዊነት የተከፋፈለባት ከተማ

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ነው። በመሬት ላይ የነበረውን ለማየት ከድሬዳዋ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። ከተማዋ የባቡሩ ልጅ ናት። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ መሠረት ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ስለ ከበደው፣ ከተራራው ሥር እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ገደማ ደርሶ ቆመ። ቦታው «አዲስ ሐረር» ተባለ፤ ሕዝቡ ግን ድሬዳዋ ማለቱን ቀጠለ። ከደቻቱ ወንዝ በአንድ በኩል ኩባንያው በቀጥታ መስመር የቀየሰው ቀዚራ፣ በሌላው በኩል የአገሬው ነጋዴ ሰፈር መጋላ በቀለ። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ጉራጌው ከዐረቡ፣ ከግሪኩ፣ ከአርመኑና ከሕንዱ ጋር ጎን ለጎን ኖረ።

ቀዚራን የቀየሰ፣ የሠራተኛውን ደመወዝ የከፈለ፣ የከተማዋን እስትንፋስ የያዘ የውጭ ኩባንያ ነበር። ጥር 1900 ዓ.ም. ላይ ከፈረንሳዩ መልእክተኛ ከክሎቡኮውስኪ ጋር በተፈረመው ውል ደግሞ የፈረንሳይ ዜጎች እርስ በርሳቸው ቢካሰሱ የሚዳኙት በቆንስላቸው ነው ተባለ፤ ከኢትዮጵያዊ ጋር ሲካሰሱም ቆንስሉ ከዳኛው ጋር ይቀመጣል። ሌሎች መንግሥታትም ለዜጎቻቸው ያንኑ ጠየቁ። እንዲህ በሆነ ጊዜ በደቻቱ ግራና ቀኝ የሚኖር ሰው ሁሉ በአንድ ሕግ ሥር ነበር ለማለት አይቻልም። ያም ሳይበቃ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣልያ እ.ኤ.አ. በ1906 ሦስቱ ብቻቸውን ተዋውለው በኢትዮጵያ ላይ ያላቸውን ጥቅም ተካፍለው ነበር።

እንግዲህ ፍጹም ተብሎ የታወጀው ሥልጣን ቀድሞውንም የተሸራረፈ ነበር። በዜጋው ላይ የማይገሰስ፣ በባዕድ ፊት ግን የሚደራደር ሆነ። ሆብስ ሥልጣን አይከፈልም ሲል ያስጠነቀቀው ይህንኑ ነበር፤ እኛ ግን ምክሩን በተገላቢጦሽ ያዝነው። ከሕዝቡ ጋር መካፈል የነውር ያህል ሲቆጠር፣ ከባዕድ ጋር መካፈል የዲፕሎማሲ ብልሃት ሆኖ ታለፈ።

ባቡሩ ሲያልፍ

በማይጨው ጦርነት የተሸነፈው ጦር ወደ መዲናይቱ ከተመለሰ በኋላ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ይውጡ ወይስ ይቆዩ የሚለው ጥያቄ በአዲስ አበባ ለመኳንንቱ ጉባኤ ቀረበ። የሚበዛው ወገን ይሂዱ አለ፤ ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያትን የመሳሰሉ ጥቂቶች ተቃወሙ። ንጉሠ ነገሥቱ ልዑል ራስ እምሩን እንደራሴ አድርገው፣ የመንግሥቱ መቀመጫም ወደ ጎሬ እንዲዛወር አዘው ወጡ። ዓላማቸው በመንግሥታት ማኅበር ፊት መሟገት ነበር፤ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ ያደረጉት ንግግር ያንን ዓላማ ባዶ ሰበብ አለመሆኑን አስመስክሯል። ይህንን አለመናገር ግፍ ነው።

ነገር ግን በመዲናይቱ የሆነውንም አለመናገር ግፍ ነው። ባቡሩ ከወጣበት ሰዓት ጀምሮ ማርሻል ባዶሊዮ ሚያዝያ 27 ቀን እስኪገባ ድረስ አዲስ አበባ ተዘረፈች፣ ተቃጠለች። የውጭ አገር ሰዎች በየኤምባሲው ግቢ ተመሸጉ። ትናንት በአንድ ንጉሥ ሥር ያደረ ጎረቤት ጎረቤቱን ገደለ። ሆብስ ከፓሪስ ሆኖ በአሳቡ የሣለው ሁኔታ በእኛ ከተማ ሦስት ቀን ተኩል በዐይን ታየ። ሥልጣን ሁሉ በአንድ ሰው ተጠቅልሎ ሲኖር፣ ያ ሰው በባቡር ሲሳፈር ሥልጣኑም አብሮት ይሳፈራል። ከእሱ ሌላ የሚታዘዙት ሕግ፣ የሚያከብሩት የከተማ ሸንጎ፣ የሚሰሙት የጋራ ጉባኤ አልለመዱምና በስተኋላ የሚቀር ነገር የለም።

አንዳንዶች ወዲያው የሆብስን መንገድ ተከተሉ። የጎጃሙ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ለኢጣልያ አደሩ። የሆብስ አገር እንግሊዝም ብትሆን ንጉሠ ነገሥቱን አስጠግታ፣ እ.ኤ.አ. በ1938 የኢጣልያን ወረራ ሕጋዊ ብላ ተቀበለች። የታሪክ ምጸት ሆነና ንጉሠ ነገሥቱ የስደት ዘመናቸውን ያሳለፉባት ባዝ የምትባለው ከተማ ሆብስ ከተወለደባት ከማምዝበሪ 40 ኪሎ ሜትር እንኳ አትርቅም። ጥበቃ ካለፈ ግዴታም አለፈ ያለው ፈላስፋ በተወለደበት አውራጃ አቅራቢያ፣ ሕዝባቸውን መጠበቅ የተሳናቸው ንጉሥ ግዴታው እንዳላለፈ ለዓለም ይሟገቱ ነበር።

ድሬዳዋ ሁለተኛውን ትምህርት ያየችው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። መጋቢት 1933 ዓ.ም. ላይ የእንግሊዝ ጦር ከሶማሌ ምድር ተነሥቶ በጅጅጋ በኩል ሐረርን ሲይዝ፣ በድሬዳዋ የኢጣልያ ሥርዓት ፈረሰ። ለኢጣልያ ሲዋጉ የነበሩ ከጦሩ የከዱ ወታደሮች መሣሪያቸውን እንደ ያዙ በከተማዋ ተሠማሩ። በዚያን ጊዜ የከተማዋ ኢጣልያኖች የገዛ ጠላታቸውን፣ የእንግሊዝን ጦር፣ ፈጥነህ ግባልን ብለው ለመኑ። የደቡብ አፍሪቃ ወታደሮች መጋቢት 20 ቀን ገቡ። አስቡት! ትናንት ሉዓላዊ ነኝ ያለው ገዢ ዛሬ ነፍሱን ለማትረፍ የጠላቱን ጥበቃ ለመነ። ለፍርሃት ዘርም ቋንቋም የለውም። ሆብስ ይህንን ቢያይ ትምህርቴ ተረጋገጠ ባለ ነበር።

ሆብስ ያልጠበቀው መልስ

ታዲያ ሆብስ በሁሉም ነገር ትክክል ነበርን? አልነበረም። በ1928ና በ1933 ዓ.ም. መካከል የሆነው ነገር ለትምህርቱ ከባድ ተቃውሞ ነው። ንጉሡ በሌሉበት፣ ጥበቃም በሌለበት፣ በሸዋ፣ በጎጃም፣ በጎንደርና በሌሎችም ቦታዎች ሰዎች ወደ ጫካ ገቡ። እንደ ሆብስ ሒሳብ ቢሆን መግባት ያለባቸው ለአዲሱ ጌታ ነበር፤ መታረስ የሚችል መሬት፣ ማደር የሚቻልበት ቤት የነበረው እሱ ዘንድ ነበርና። አቡነ ጴጥሮስ ሕዝቡ ለወራሪው እንዳይገዛ አውግዘው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አደባባይ በጥይት ተደበደቡ። ከሕይወት የሚበልጥ የሚታዘዙለት ነገር እንዳለ በሕይወታቸው መሰከሩ።

ያ የታዘዙለት ነገር ምን ነበር? ንጉሡ ነው እንዳይባል ንጉሡ ባሕር ማዶ ናቸው። ጥበቃ ነው እንዳይባል ጥበቃ የለም። አርበኞቹ የጠበቁት አገሩን፣ ሃይማኖታቸውን፣ ርስታቸውንና ክብራቸውን ነበር። ብዙዎቹ በንጉሡ ስም መማላቸው እውነት ነው፤ ስሙ ግን የአገሩ መጠሪያ እንጂ የሰውየው ብቻ አልነበረም። በሌላ አነጋገር ሉዓላዊነት በባቡሩ አልሄደም። ተሳፋሪው ሲሄድ ሉዓላዊነቱ ከሕዝቡ ዘንድ ቀረ፤ አምስት ዓመት ሙሉም ያለ ደመወዝና ያለ ሹመት ተጠበቀ። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ ይኸው ነው። ፍጹም ሥልጣን በ1928 ዓ.ም. ሲወድቅ አገሩ አብሮ ያልወደቀው፣ አገሩ ቀድሞውንም በዚያ ሥልጣን ላይ ብቻ ቆሞ ስላልነበር ነው።

ከድል በኋላ ግን ይህ ትምህርት ተዘነጋ። መጀመሪያ እንግሊዞች አገሩን እንደ ተማረከ የጠላት ግዛት ሊያስተዳድሩት ሞከሩ፤ የባቡሩ መስመርም እ.ኤ.አ. የ1944ቱ ስምምነት እስኪመጣ በእጃቸው ቆየ። ቀጥሎም በውስጥ አርበኛው፣ ስደተኛውና ባንዳው በሹመት ተሻሙ፤ አገር ሲጠብቅ የኖረው ሰው ሁልጊዜ ባለ ድርሻ አልሆነም። ከጎጃም አርበኞች ስመ ጥሩ የነበረው በላይ ዘለቀ በዓመፅ ተከሶ ጥር 1937 ዓ.ም. ላይ ተሰቀለ። ብላታ ታከለ ደጋግመው ታስረው፣ በመጨረሻ ኅዳር 1962 ዓ.ም. ከፖሊስ ጋር ተታኩሰው ሞቱ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለሕዝቡ የሕግ መምሪያ ምክር ቤትን ምርጫ ቢሰጥም፣ የንጉሡን አካል ቅድስናና የሥልጣናቸውን አለመገሰስ እንደ ገና ደነገገ። የ1928ቱ ባቡር ከቶ ያላለፈ ያህል ሆነ።

ስለዚህ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ወታደሮች ንጉሠ ነገሥቱን በቮልስዋገን መኪና አሳፍረው ሲወስዱ የተነሣላቸው ሰው አልነበረም። አውራጃው፣ መንደሩ፣ ሸንጎው ባለቤት ያልሆነበትን ሥልጣን ለማዳን ለምን ይነሣል? ነገር ግን ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥምና፣ በዙፋኑ የተተካው ደርግ የሥልጣኑን ፍጹምነት ከነሰይፉ ወረሰ። ሌላው እንግሊዛዊ ፈላስፋ ጆን ሎክ በሆብስ ዓይነት አሳብ ላይ ያነሣው ትችት ያን ጊዜ በእኛ ላይ ደረሰ፤ ከትንንሽ አውሬዎች የሸሸ ሰው በአንበሳ መንጋጋ ተማጠነ። በቀይ ሽብር ዘመን ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው ሥርዓት አልበኝነት ሳይሆን ራሱ ጠባቂው ነበር። በዚያው ዘመን፣ ነሐሴ 1969 ዓ.ም. ላይ የሶማልያ ጦር ድሬዳዋን ለመያዝ ገሥግሦ ከከተማዋ ደጃፍ ተመለሰ። ያን ጊዜ ከተማቸውን ለማዳን የተነሡ ሰዎች ሁሉ ደርግን ወድደው ተነሡ የሚል ካለ የአገሩን ሰው አያውቅም። የተነሡት ለቀዚራቸውና ለመጋላቸው ነው።

ዛሬስ የማን ነን?

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በ8ኛው አንቀጹ ሉዓላዊ ሥልጣንን ከሰው አንሥቶ ለኢትዮጵያ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ሰጥቷል። ይህ በ1923ና በ1948 ዓ.ም. ከተጻፈው ጋር ሲተያይ ትልቅ ለውጥ መሆኑን አልክድም። ግን ድሬዳዋ በዚህም ሕግ ፊት አስቸጋሪ ጥያቄ ሆና ቆማለች። ኦሮሚያም ሶማሌም የእኔ ናት ስላሉ ከተማዋ ለሁለቱም ሳትሰጥ በፌዴራሉ መንግሥት ሥር ቆየች፤ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ስሟ እንኳ አልተጠቀሰም። የምትተዳደረው በአዋጅ ቁጥር 416/1996 በተሰጣት ቻርተር ነው። ሉዓላዊነት የብሔሮች ነው ከተባለ፣ አባቱ ሶማሌ እናቱ ኦሮሞ፣ ጎረቤቱ ጉራጌ፣ የነፍስ ጓደኛው አማራ የሆነ የድሬ ልጅ ከሉዓላዊነቱ ድርሻውን በየትኛው በር ገብቶ ይወስዳል? በ1923 ዓ.ም. ሥልጣን ከላይ ወደ ታች የተሰጠ ስጦታ ነበር። የከተማ ቻርተርም በአዋጅ የተሰጠ ነውና በአዋጅ ሊነሣ ይችላል። ስጦታና ቃል ኪዳን ይለያያሉ ያልሁት ለዚህ ነው።

ዛሬም በአገራችን የሆብስ ድምፅ ይሰማል። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜን የተካሄደውን የሁለት ዓመት ጦርነትና በየቦታው የቀጠለውን ግጭት ያየ ሰው፣ «ነጻነቱ ይቅርብኝ፣ ብቻ አንድ ጠንካራ እጅ ያሳድረኝ» ቢል አልፈርድበትም። ያ ሰው ሆብስን ባያነብም ሆብስን ኖሮታል። ፍርሃቱን የሚያንኳስስ ፖለቲከኛ የሰው ልጅን አያውቅም። ነገር ግን ሆብስን የሚጠቅስ ሁሉ ሙሉውን ይጥቀስ። ፍጹም ታዘዙኝ የሚል ጠባቂ ልጠብቃችሁ ብሎ ቃል መግባቱ ነው፤ መጠበቅ ሲያቅተው ደግሞ በራሱ ፈላስፋ ሚዛን የመታዘዝን መብት አጥቷል። ጥበቃ ሳይሰጡ መታዘዝን ብቻ መጠየቅ ሆብስም ያልፈቀደው ነገር ነው።

ከሆብስ የሚያልፈውን ትምህርት ግን ከእኛው አርበኞች እንማረዋለን። ሰው ከአገሩ ጋር የሚያስተሳስረው ፍርሃት ብቻ ከሆነ፣ የሚፈራው ሲሄድ አብሮ ይሄዳል፤ ወይም ቀድሞ ለደረሰው ያድራል። ድርሻ ያለው ሰው ግን ጠባቂው ቢሄድም ይቆያል። ስለዚህ ለአገር ደኅንነት የሚያስብ መንግሥት ጦሩን ከማብዛት ጎን ለጎን የባለ ድርሻዎቹን ቁጥር ያብዛ። የሚፈርድ ገለልተኛ ዳኛ፣ የሚሰማ የከተማ ምክር ቤት፣ በድምፁ ሹሙን የሚያነሣ ነዋሪ ባለበት አገር አንድ ሰው በባቡር ቢሳፈር ከተማው አይዘረፍም።

ከመስከረም 2009 ዓ.ም. ወዲህ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከከተማው ወጣ ብሎ በተሠራ ሌላ ጣቢያ ያልፋል። አሮጌው ጣቢያ ግን በቀዚራ ዳር እንደ ቆመ ነው። በፊቱ የሚያልፍ ሁሉ የ1928ቱን ሚያዝያ ያስታውስ። ንጉሥ በዚያ አልፈዋል፤ ወራሪ በዚያ ገብቶ በዚያ ወጥቷል፤ ኩባንያ መጥቶ ሄዷል። ሳይሳፈር የቀረው የድሬዳዋ ሰው ነው። ሰማይ አይታረስ ይሆናል፤ ንጉሥ ግን መጠየቅ አለበት።

ልቦናውን ይስጠን! ቸር እንሰንብት።